አራት ተኩል ዘይት

አንዷለም ዲኤክስ መኪናውን ሦስት ዓመት ሲሠራት ቆቦ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ሞተሯ ከሌላ ቶዮታ ተነቅሎ የመጣ ጉልበተኛ ነው፤ መጀመሪያ የተነሳ ቀን የአህያ ገበያው ተበትኗል ይባላል። የኋላ ዲፍረንሻሏ በአክስቱ ልጅ ሻንጣ ከዱባይ የመጣ ነው፤ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አጣምሮ ስለሚያሽከረክር አሸዋ ላይ እንኳ አትንሸራተትም ተብሎለታል። የቀራት ዘይት ብቻ ነበር። ካምቢዮዋና ዲፍረንሻሏ ውስጥ የሚገባው ዘይት ሳይወሰን ሠርጉ ሦስት ቀን ቀረው።

ነገሩ ከአማቱ አንደበት የመጣ ነው። አንዷለም የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ጎብዬ ከተማ ሰው ልኮ ትርሲትን ሲያስጠይቅ አባቷ እሺ አሉ፤ እሺ ካሉ በኋላ ግን እሱ በተገኘበት በሰው ፊት፣ «መቼም ልጄን በሽንኩርት መኪና አትወስዳትም» ብለው ጨመሩ። ሰው ሳቀ። አንዷለም በሚካኤል ስም ማለ፤ ትርሲት ቆቦ የምትገባው በገዛ መኪናው ነው፣ በኪራይም በውሰትም አይደለም። ከመሄዱ በፊትም ደጃቸው ላይ ሦስት ዙር ያዞራታል። ይህን የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ዘይት መራጮቹ ሁለት ነበሩ። ጋሽ አያሌው የክርስትና አባቱ ናቸው፤ አርባ ዓመት ካምቢዮ ሲፈቱ ኖረው ከትራክተር እስከ ኢሱዙ የሚያውቁት አንድ ዘይት ነው፤ ጣሳው ላይ «ጂኤል አራት» የሚል። ኢብሮ ደግሞ ሚዜው ነው፤ ሙያውን ግማሹን ከጋሽ አያሌው፣ ግማሹን ከስልኩ ተምሯል። የእሱ ዘይት ጂኤል አምስት ነው።

«ለምን አምስት?» አሉት ጋሽ አያሌው።

«ከአራት ስለሚበልጥ ነዋ ጋሼ።»

«ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?»

«አርባ አንድ።»

«እንግዲያ አርባ አምስት ግዛ። ይበልጣል።»

ኢብሮ የያዘውን መፍቻ ጥሎ ወጣ፤ ሚዜነቱንም እንደተወ አስነገረ። ጋሽ አያሌውም የስልክ ዘይት ያለበት ሠርግ ላይ አልገኝም አሉ።

አንዷለም ወደ ራዊያ ሱቅ ሄደ። ራዊያ የመኪና ዘይት ትሸጣለች፤ የምትሸጠውንም ጣሳ ሁሉ ጀርባውን ታነባለች። ከተማው ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው የለም። ሁለቱን ጣሳዎች ባንኮኒው ላይ አቆመችለት።

«ጋሽ አያሌው ለካምቢዮው ልክ ናቸው» አለችው። «ውስጡ የናስ ቀለበቶች አሉ፤ ማርሹ ሳይጮህ የሚገባው በእነሱ ነው። አምስቱ ይበረታባቸዋል።»

«ኢብሮስ?»

«ኢብሮ ለዲፍረንሻሉ ልክ ነው። እዚያ ጥርስ ጥርስን እየፈተገ ነው የሚዞረው፤ አራቱ ያንን ሞተር አይችለውም። ያንተ ዓይነት ዲፍረንሻል ውስጥ ደግሞ ይቺ ትጨመራለች።» ትንሽ ጠርሙስ አጠገባቸው አስቀመጠች። «ካልተጨመረች ውስጡ ያሉት ዲስኮች መታጠፊያ ላይ እየተያያዙ ያንቀጠቅጡሃል።»

«ታዲያ ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ነው።»

«ለየግማሻቸው። ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሙሉው ነው።»

«ነይና ንገሪልኝ ራዊያ።»

«ማን ጠራኝ? ማንበብ ትችል የለም እንዴ፤ አንብብላቸው።»

አንዷለም የሁለቱንም ጣሳ ጀርባ ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበ። ገባውም። ይህ እንዳይረሳ፤ ገብቶት ነበር። ጠርሙሷን ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሐጂ ኸይረዲንና ሁለት ጓደኞቻቸው ደም ሲያደርቁ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በእነሱ ቃል ጠመንጃ የወረደበት መንደር ብዙ ነው። ጋራዡ ደጃፍ ካለው ግራር ሥር ጋሽ አያሌው በግራ፣ ኢብሮ በቀኝ፣ ጣሳዎቹ መሃል ሆኑ። ዲኤክሷ በክሪክ ተነስታ ከኋላቸው ትጠብቃለች።

ጋሽ አያሌው አርባ ዓመታቸውን በየተራ አስረዱ። ኢብሮ ስልኩን አስመሰከረ፤ ስልኩ ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ነጭ ጓንት አጥልቆ ዘይት ሲቀዳ ታየ። ሽማግሌዎቹ ጓንቱን አደነቁ።

«አያሌው፣ አንተ አራት ብለሃል» አሉ ሐጂ። «ኢብሮ አምስት ብሏል። በመሃላችሁ ያለው አንድ ነው። እኛ በነፍስ የተፈላለገ አስታርቀናል፤ በአንድ ቁጥር የተቀያየመ ሲመጣብን ገና ዛሬ ነው።»

«ግማሹ ከእሱ፣ ግማሹ ካንተ» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። «ተደባልቆ ካምቢዮውም ዲፍረንሻሉም ውስጥ ይግባ። አራት ተኩል ይሆናል።»

«ማንም አልተሸነፈም» አሉ ሦስተኛው።

ሐጂ ወደ አንዷለም ዞሩ። «ባለ መኪናው፣ የምትለው አለህ?»

አንዷለም የክርስትና አባቱን አየ፤ ሚዜውን አየ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ በጣቱ ዳበሳት።

«እናንተ ካላችሁ» አለ።

ዱዓ ተደረገ፣ አሜን ተባለ። ጋሽ አያሌውና ኢብሮ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ዘይቱ በአንድ ጀሪካን ተገለበጠ፤ የነቀነቁትም ሁለቱ ናቸው፣ አንዱ እጀታውን አንዱ ታችኛውን ይዘው፤ እንደዚያው ሆነው ፎቶ ተነሱ። ራዊያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። አንዷለም በሌላ መንገድ ዞሮ ቤቱ ገባ።

ዓርብ ሜዳ ላይ ሲለማመድ መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ተንቀጠቀጠች። ሦስተኛው ማርሽም እንደ ወፍጮ ጮኸ።

«ዘይቱ እየለመደ ነው» አለ ኢብሮ።

«እየተዋሃደ ነው» አሉ ጋሽ አያሌው። ከታረቁ ወዲህ በሁሉም ነገር ይስማሙ ነበር።

እሁድ ሠርገኛው ሮቢትን አልፎ ጎብዬ ገባ። አጃቢ መኪኖቹ ግማሾቹ የኪራይ፣ ግማሾቹ የውሰት ናቸው። ከሁሉም ኋላ ዘፋኞቹን የጫነው የአንዷለም የራሱ ኢሱዙ ነበር፤ ታጥቧል፣ አበባም ታስሮበታል፣ የሽንኩርት ሽታው ግን አልለቀቀውም።

ተበላ፣ ተዘፈነ፣ ትርሲት በቬሎዋ ዲኤክሷ ውስጥ ገባች። አባቷ እጃቸውን አጣጥፈው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። የመጀመሪያው ዙር አቧራውን አስነሳው፤ ሰውም አጨበጨበ። በሁለተኛው የመኪናዋ ወገብ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፤ ትርሲት የራስ ጌጧን በሁለት እጇ ያዘች። በሦስተኛው አጋማሽ ከሥር አንድ ነገር ቋ አለ፤ መኪናዋም ፊቷን ወደ ላም በረቱ አድርጋ ቆመች። አንዷለም ማርሽ እየቀያየረ ለማንቀሳቀስ ሞከረ። አንዱም አላነሳትም።

ጋሽ አያሌውና ኢብሮ አብረው ሥሯ ገቡ፣ አብረው ወጡ።

«የዕቃው ጥፋት ነው» አለ ኢብሮ።

«የዱባይ ዕቃ» አሉ ጋሽ አያሌው።

የአንዷለም አጎቶች ሙሽራዋን ወደ አንዱ የኪራይ መኪና ሲመሯት አባቷ እጃቸውን አነሱ።

«ይህ ልጅ ምሏል» አሉ። «በኪራይም በውሰትም አይደለም ብሏል። በሚካኤል ስም።»

ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ሐጂ ኸይረዲን አልቸኮሉም። ከጓደኞቻቸው ጋር ጥቂት ተንሾካሾኩና በከዘራቸው የሠርገኛውን ጭራ አመለከቱ።

«ያ ኢሱዙ የማን ነው?»

«የእኔ» አለ አንዷለም።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያ መሐላው አልፈረሰም።»

ዘፋኞቹ ወረዱ። ትርሲት ቬሎዋን ሰብስባ ጋቢና ወጣች፤ አንዷለምም ከሾፌሩ ቁልፉን ተቀብሎ መሪውን ያዘ። አማቱ አልሳቁም፤ በሩን ራሳቸው በቀስታ ዘጉላቸው፤ ከሳቅ የባሰው ይሄ ነበር።

አስፋልቱ ላይ ወጡ። ትርሲት ኮቱ ኪስ ላይ ያበጠውን አይታ እጇን ሰደደች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲፍረንሻሉ ውስጥ ይገባ የነበረ ነው። እንዳይንቀጠቀጥ።»

«ታዲያ ኪስህ ምን ይሠራል?»

«ማንም እንዳይቀየም ብዬ ነው።»

ትርሲት በግራ እጇ የራስ ጌጧን አወለቀች። ጠርሙሷን ገልብጣ ጀርባዋን አየች፤ ከዚያም እያንዳንዱን መስመር በእንግሊዝኛ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እያነበበች፣ ለተማሪ እንደሚነገር ቀስ ብላ ወደ አማርኛ ትመልስለት ጀመር። ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። ሮቢት እስኪደርሱ አላቆመችም።