የወጣ ዕጣ

«...ደግሞም ጌታ ሆይ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣችንን አውጣልን፤ ከኪራይ ቤት ገላግለን፤ በገዛ በራችን ገብተን እንድናመሰግንህ እርዳን...»

ወልደየሱስ ይህን የሚለው ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በገዛ ሳሎኑ መሃል ቆሞ ነው። ዕጣው ከወጣላቸው እኮ ሦስት ዓመት አልፏል!

«አባዬ፣» አለች ልጁ ሚራክል አንድ ዓይኗን ገልጣ፤ «ከዚህ ልንወጣ ነው እንዴ?»

ወልደየሱስ «አሜን» ሳይል ዓይኑን ገለጠ። ይህን ጸሎት የጀመረው ቃሊቲ አንዲት ክፍል ተከራይተው ሲኖሩ ነው። ያኔ እያንዳንዱ ቃል ከአንጀቱ ይወጣ ነበር። ዕጣው የወጣ ቀንም እንደ ሕፃን አልቅሶ አመስግኗል። ከዚያ ወዲህ ግን አፉ በለመደው መንገድ ብቻውን ሲሄድ ከርሟል።

«እኔን የከፋኝ እሱ አይደለም፣» አለች ሚስቱ ዳሲቱ ጫማዋን እያሰረች። «ዛሬ ፈተና አለብኝ ብዬህ ነበር። ስሜን እንኳ አላነሳህም።»

ዳሲቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ተቀምጣለች፤ ዛሬ ለመስመር ኃላፊነት ትፈተናለች። ይቅርታ ሊጠይቃት ሲል ወጥታ ሄደች።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፎርክሊፍት በሚነዳበት የቃሊቲ መጋዘን፣ ጉዱን ለሥራ ባልደረባው ለሳዲቅ ነገረው። ሳዲቅ የወሎ ልጅ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት አልፈውታል።

«ወላሂ አሁን ገባኝ!» አለ ሳዲቅ ጭኑን እየመታ። «እኔ ስንት ዓመት ስጠብቅ፣ አንተ ቤትህ ገብተህ ድጋሚ ትለምናለህ! ወረፋዬን የዘጋኸው አንተ ነህ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳዲቅ ለሶላት ሲሄድ ወልደየሱስ ፎርክሊፍቱ ላይ ወጥቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«የሰማይና የምድር ፈጣሪ...» ብሎ አቆመ። ቀሪውን ቃል በቃል ያውቀዋል፤ ዛሬ ግን አላመነውም። ያለዚያ ግን የሚለው ጠፋው። ከዚያ ጫማዋን ስታስር የነበረችው ዳሲቱ ትዝ አለችው።

«ጌታ ሆይ፣ ዳሲቱ ፈርታለች። ጠዋት ረሳኋት። አንተ አትርሳት።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ከጸሎቱ ጋር እንደገና በመገናኘቱ ደስ አለው።

ማታ የዳሲቱ ድምፅ ገና ከሁለተኛ ፎቅ ተሰማ፦ «አለፍኩ! ወልዴ፣ አለፍኩ!»

ደረጃው ላይ ሮጦ ተቀበላት። «ጠዋት በድዬሻለሁ፣» አላት አቅፏት።

«ትክሳለህ። እራት ያንተ ነው!»

የሠራው ሽሮ ትንሽ አርሯል፤ ማንንም ግን ቅር አላለውም። ማዕዱን ከበው ሊጸልዩ ሲሉ ወልደየሱስ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ንገሩኝ። ዛሬ ምን የሚጸለይበት ነገር አላችሁ?»

«ጥርሴ ይነቃነቃል፣» አለች ሚራክል።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ዳሲቱ አመሰገነ፤ ስለሚነቃነቀው ጥርስ ለመነ፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ በሩ፣ እግር ስለሚያዝለው ደረጃ ሳይቀር አመሰገነ። ቀጥሎ፦ «ደግሞም ጌታ ሆይ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ...»

ሚራክል ሁለቱንም ዓይኖቿን በለጠጠች። «አባዬ! ደገምከው!»

«አልጨረስኩም፣» አለ ወልደየሱስ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ለሳዲቅ። ለሳዲቅ አውጣለት።»