ሬይኖ የሳተው አጋዘን

ወንድሜ ሬይኖ ዕድሜውን ሙሉ ሲያድን አጋዘን ስቶ አያውቅም። ይህን የምለው ወንድሜ ስለሆነ አይደለም፤ ወንድሜ ስለሆነማ ስንቱን ጉዱን ችዬ ዝም ብያለሁ። ምስክሬ የአደን ጎጆአችን ግድግዳ ነው። እኛ ዘንድ ተኩሶ የሳተ ሰው የዚያኑ ዕለት እራት ላይ ይቆምና የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በመቀስ ይቆረጣል። ቁራጩ ላይ ስሙና ዓመቱ ተጽፎ ግድግዳው ላይ በምስማር ይመታል። የኔ ብቻ ተሰብስቦ ቢሰፋ ለሕፃን ልጅ ቀሚስ ይወጣዋል። የአባታችንም አለ፣ የእህታችን ልጅ የዴልም አለ። የሬይኖ የለም።

ዘንድሮ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞቹ ለበሽታው ረጅም ስም አውጥተውለታል፣ እኛ ቤት ግን "የሬይኖ እጅ" ነው የሚባለው። ቁልፍ መቆለፍ ትቷል፣ ኩባያ የሚያነሳው በሁለት እጁ ነው፣ እግሩም ቢሆን እየከዳው ነው። በበጋው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ ዘንድሮ አንዴ ብቻ እንደሚተኩስና ጠመንጃውን ለዴል እንደሚሰጥ ነገረኝ። ሲሰጠው ግን ግድግዳው ላይ ስሙ ሳይኖር መሆን አለበት። ሌላ ምንም አልፈለገም። ሰው ሲያረጅ ምኞቱ ትንሽ ትሆናለች፣ ትንሽ በመሆኗ ግን አትቀልም።

የአደኑ ወቅት በሚከፈትበት ዋዜማ ጎጆው ሞልቶ ነበር። ዴል አላስቻለውም፤ "አጎቴ፣ ነገ አሮጌ ሸሚዝ ልበስ፣ አዲሱን አታስበላው" አለ። ሁሉም ሳቁ፣ ሬይኖም ሳቀ። እኔ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ አንደኛው እጁ ሌላውን ጠረጴዛው ሥር አጥብቆ ሲይዘው አይቻለሁ።

የምናድንበት መሬት የመንግሥት ነው፤ የሁሉም ነው ማለት ነው። መሬት የሌለው ሰው አጋዘን የሚበላው በዚህ መሬት ቸርነት ነው፣ እኛም አባታችንም እንዲሁ ኖረናል። ችግሩ የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ የለውም። መግቢያው በር ላይ "ከዚህ በኋላ ሞተር ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን በጥይት ወንፊት አድርገውታል። ሰንሰለቱ በየዓመቱ ይበጠሳል፣ በየዓመቱ ይቀየራል። አዳኝ ዛፍ ላይ የሠራው መቀመጫ ይሰረቃል፣ የቢራ ቆርቆሮ በየዛፉ ሥር ነው። ብራንት የሚባል ደግ የአደን ተቆጣጣሪ አለ፤ እሱ ግን ለሁለት አውራጃ አንድ ለናቱ ነው። የሚደርሰው ሁልጊዜ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው፣ ይህንንም ራሱ አይክድም።

ሬይኖ መቀመጥ የፈለገው አባታችን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ነው፣ ጥዱ አልቆ ረግረጉ የሚጀምርበት። እንደሱ መራመድ ላቃተው ሰው በሞተር መግባት ይፈቀዳል፤ ፈቃዱን ጠይቅ ስለው "ሞተር ላይ ተቀምጬ ከምገባ ቤቴ ተቀምጬ በመስኮት ብተኩስ ይሻላል" አለኝ። ስለዚህ የታደነ አጋዘን በምናወጣበት ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ አስቀምጬ ጎተትኩት። እኔም ልጅ አይደለሁም። በረዶው ስስ ነበር፣ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። እሱ ከኋላ ሆኖ "በቅሎ እንኳ አንዳንዴ ታርፋለች ኤስኮ" ይለኛል፣ እኔ የምመልስበት ትንፋሽ የለኝም።

በሩ ጋ ስንደርስ ሰንሰለቱ ተበጥሶ መሬት ላይ ተጥሎ ነበር። የባለ አራት ጎማ ሞተሮች ዱካ በበረዶው ላይ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ደሜ ፈላ። ሬይኖ ዱካውን አየ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሂድ አለኝ።

ቦታው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጠመንጃውን የሚያሳርፍበት ባላ እንጨት ፊቱ ተከልኩለት፣ እኔ ከጀርባው ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። መንጋት ሲጀምር ረግረጉ ጸጥ ያለና ያማረ ነበር፣ ግን ብዙም አልቆየ። ሞተሮቹ ከወዲያ ማዶ ተነስተው እየጮኹ በጥዱ መሃል አለፉ። ቆይተው ደግሞ ተመለሱ። አጋዘን እየነዱ ነው፤ ይህም ክልክል ነው፣ ለማን ትናገረዋለህ እንጂ። እኔ መራገም ጀመርኩ። ሬይኖ ዞር ሳይል "ዝም በል፣ ከነሱ ይልቅ ያንተ ጩኸት ነው የሚሰማው" አለኝ።

ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነው የመጣው። ምናልባት ያባረሩት እነሱ ይሆናሉ፣ አላውቅም። ትልቅ ባለ ቀንድ ነው፣ ከጥዱ ወጣ ብሎ ቆመና ወደ ኋላው ያዳምጥ ጀመር። የሬይኖ አፈሙዝ ባላው ላይ ሲወዛወዝ አያለሁ። ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ማየት አልቻልኩም፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠመንጃው ሲጮህ ዓይኔን ስከፍት አጋዘኑ ጀርባውን አጉብጦ፣ ጅራቱን ወትፎ ወደ ረጅሙ ሣር ሲገባ ደረስኩ። እንዲህ የሚሮጥ አጋዘን ሩቅ አይሄድም። የቆመበት ቦታ በረዶው ላይ አረፋ ያለው ደማቅ ደም አየሁ፣ የሳንባ ደም።

"መታኸው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ።

አሁን የምንጠብቅበት ጊዜ ነው። የአባታችን ሕግ ነው፦ የተመታ አጋዘን አይከተሉትም። ካልተከተሉት እዚያው ቅርብ ተኝቶ በሰላም ይሞታል፣ ከተከተሉት ግን በመጨረሻ ጉልበቱ ማንም የማያገኘው ቦታ ይገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ስለዚህ ተኩሰህ ስታበቃ ትቀመጣለህ፣ ቡና ትጠጣለህ፣ ዳቦ ትበላለህ፣ ከዚያ ትነሳለህ። ተቀመጥን። ከፔርሙዝ ቀዳሁለት፣ የእህታችንን ሄል ያለበት ዳቦ ቆረስኩለት። ቡናውን ግማሹን ጉልበቱ ላይ አፈሰሰውና እንደ ልጅ ሳቀ። "አዲሱን ሸሚዝ ነው የለበስኩት፣ ለዴል ታሳየዋለህ" አለኝ። በሽታው ከጀመረው ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ኩባያውን ከእጁ የተቀበልኩት ሞተሮቹ ሲነሱ ነው።

ድምፁ በቀጥታ ወደ ረጅሙ ሣር ሄደ። ቆመ። ከዚያ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ሁለታችንም ምን እንደሆነ ገባን። እኔ ሮጥኩ፣ ሬይኖ ዱላውን ተደግፎ ከኋላዬ ቀረ።

ሦስት ናቸው። አጋዘኑ ወድቋል፣ ጢማሙ ጎልማሳ የራሱን የአደን ፈቃድ መለያ ካርድ ቀንዱ ላይ አስሮ ጨርሷል። በሕጉ መለያ ያሰረ ባለቤት ነው። በኛ በአዳኞቹ ወግ ደግሞ መጀመሪያ የሚገድል ጥይት ያሳረፈ ነው ባለቤቱ፤ ወጉን ግን ማንም ሰሌዳ ላይ አልጻፈውም። ከአጋዘኑ ትከሻ ኋላ የሬይኖ ጥይት የገባበት ደሙ ረግቷል። አንገቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ገና ትኩስ ነው። አጋዘኑ የወንድሜ ነው አልኩ፤ ከነደሙ ዱካ ከነተቀመጥንበት አሳያለሁ አልኩ። ጢማሙ "ቆስሎ እየተሰቃየ አገኘነው፣ ገላገልነው፣ ምስጋና ይገባን ነበር" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። አንደኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ያዘው።

የኔም በእጄ ነበር። መጠበቂያውን መቼ እንደለቀቅኩት አላውቅም፣ ቀጭ ሲል ግን ሁላችንም ሰማን። ሳቃቸው ቆመ።

ሬይኖ የደረሰው ያኔ ነው። ላቡ በፊቱ ይወርዳል፣ ትንፋሹ ያፏጫል። አጋዘኑን አየ፣ ቀዳዳውን አየ፣ ቀጥሎ መጠበቂያው ላይ ያለውን የኔን አውራ ጣት አየ።

"አባባ፣ አንተ ነህ የተኮስከው?" አለው ጢማሙ።

"እኔ ነኝ" አለ ሬይኖ። "ሳትኩት።"

"ሬይኖ" አልኩ።

"ሳትኩት አልኩህ ኤስኮ። ጠመንጃህን ዝጋ።"

ዘጋሁ። ጢማሙ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ተመለከተና "በል እግዜር ያበርታህ አባባ፣ ለከርሞ ይቅናህ" አለው። እውነቱን እንደሚያውቅ ከፊቱ አይቻለሁ። አጋዘኑን ሞተሩ ላይ ጭነው ሄዱ። እኔ ደሙ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

በጋሪው መኪናው ድረስ ጎትቼ መለስኩት። እሱን ካስገባሁ በኋላ ውጭ ቆሜ ለብራንት ደወልኩ። ከሌላኛው አውራጃ ጫፍ ነው ያለው፣ ለዛሬ አይደርስም። ታርጋቸውን ጠየቀኝ፤ ታርጋው በጭቃ ተለስኗል። ከዚያ ቀስ ብሎ "ወንድምህ መትቼዋለሁ ብሎ ይመሰክራል? ከመሰከረ ሥጋውም ሳይበለት ፈልጌ ጥይቱን አስወጣለሁ" አለኝ። በተከፈተው መስኮት ሬይኖን አየሁት። ስልኬ ድምፁ ይጮኻልና ሰምቷል። ራሱን ነቀነቀ፣ አይሆንም ማለቱ ነው። አይመሰክርም አልኩ። ብራንት አዝናለሁ አለኝ። ማዘኑን አምነዋለሁ።

"እብድ ነህ" አልኩት ገብቼ። "ያንተ ነው! ያየሁት እኔ ነኝ።"

"ጎጆው ውስጥ ስንት ጎረምሳ አለ?" አለኝ። "ስንት ጠመንጃ? ዴል ይህን ሰምቶ እራቱን የሚጨርስ ይመስልሃል? ዛሬውኑ ሊፈልጋቸው ይሄዳል። የራሱ ልጅ ገና ጡት አልጣለም። አንተ ሽማግሌው እንኳ ዛሬ ሰው ልትገድል ነበር።" መኪናውን አስነሳሁ። "ለማንም አትናገርም። ማልልኝ።"

ማልኩለት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ጎጆው ስንገባ ምድጃው ነድዶ፣ በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረው ፓስቲ ከምጣዱ ወጥቶ ሥጋና ድንቹ ይሸታል። ዴል ጥይቱን ከሩቅ ሰምቷል፤ ከኛ አቅጣጫ መሆኑን ስላወቀ ፊቱ በርቶ በር ላይ ነው የተቀበለን። ጋሪውን አየ፣ ባዶ ነው።

"ሳትኩ" አለው ሬይኖ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ።

አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ዴል ስለ ሸሚዙ በቀለደው አፈረ መሰለኝ፣ ዘንድሮ እንለፈው፣ በሽታ ነው እንጂ እሱ አይደለም አለ። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። ሬይኖ ግን ካፖርቱን አውልቆ መሃል ቤት ቆመ። "የታመመ አይቆረጥም የሚል ሕግ የለንም፣ ኡርሆ መቀሱን አምጣ" አለ።

ኡርሆ ምግብ አብሳያችን ነው፣ መቀሱ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። የሚቆርጠው ደግሞ ሲስት ያየው ሰው ነው፤ መሳቱን ጮክ ብሎ ይመሰክርና ይቆርጣል። ያየሁት እኔ ነኝ። ኡርሆ መቀሱን ሰጠኝና እንደ ወጉ "ሲስት አይተሃል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ያ ደም፣ ያ አረፋ ያለው ቀይ ደም፣ ዓይኔ ላይ ነበር።

"አይቻለሁ" አልኩ። "ሳተ።"

ሸሚዙ ቀይ ባለ ዳማ ንድፍ ነው፣ ገና ውኃ ያልነካው። መቀሱ አልቆርጥ አለኝ። ሬይኖ ጀርባውን እንደሰጠኝ ቀስ ብሎ "ቀጥ አድርገህ ቁረጠው" አለ። ቆረጥኩት። ኡርሆ ስሙን ጻፈበት፣ ከአባታችን ሸሚዝ ጎን መታው። ሬይኖ ተቀምጦ ፓስቲውን በላ፣ ተጨማሪም ጠየቀ።

እንጨት ላመጣ ወጣሁ። ማልቀስ ነበር የፈለግኩት፣ ዴል ግን ተከትሎኝ መጣ። እንጨቱን አብሮኝ ሲያነሳ ቆይቶ "መቼስ ጥሩ ዘመን ነበረው" አለኝ። "ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።"

"እውነትህን ነው" አልኩት።