የአባ ጋልጋሎ ማመልከቻና የስምንት ሰዓቱ አፕዴት

ከነጌሌ እስከ ሜጋ ባለው አገር እኔ ቀጄላ ያልጻፍኩት ማመልከቻ ካለ፣ አመልካቹ ገና አልተወለደም። ኮምፒውተሬም እንደ ባለቤቱ ነው፤ ማንም አያዘውም። ሁለት ዓመት ሙሉ «አፕዴት ልሥራ» እያለ ሲለምነኝ፣ «በኋላ» የምትለዋን እየተጫንኩ አቆይቼዋለሁ። ሚኒስትር እንኳ ባለጉዳይ እንዲህ አላመላለሰም።

ሰኞ ሱቄን ስዘጋ ግን አዘንኩለት። «ሰዓት ምረጥልኝ» አለ። ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሥራ ብዬ ስምንት ቁጥርን መታሁና ሳላጠፋው ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስከፍት አባ ጋልጋሎ ደጃፌ ቆመዋል። በቀበሌያቸው የውሃ ጉድጓድ ላይ ከብት በተራው እንዲጠጣ የሚያዙ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም፣ አባ! ናጋ?»

«ናጋ። ቀጄላ፣ የፓምፑ ሞተር ከቆመ አርባ ቀኑ። የውሃ ኃላፊው ከላይ መጥቷል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቡሌ ሆራ ይነሳል። አራተኛ ማመልከቻ ጻፍልኝ። ይሄም ካልሆነ ከብቴን ነድቼ መሰደዴ ነው።»

«በአራት ደቂቃ!» ብዬ ወንበሬን ሳብኩ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ። «አፕዴት እየሠራሁ ነው፤ ሦስት በመቶ። እንዳታጠፋኝ» ይላል።

ፈረንጅ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት እንደሚቆጥር፣ የእሱ የጠዋት ስምንት የኛ የጠዋት ሁለት እንደሆነ ለነጌሌ ሕዝብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አስተማሪ ደግሞ ሁሉን አያስታውስም።

«ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ እየጠጣ ነው፣ አባ» አልኩ፣ በሚገባቸው ቋንቋ።

«ማን ተራ ሰጠው?»

ስምንትን የመታሁበትን ጣቴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

«አንተ ከሰጠኸው ይጠጣ። አፉን ገንዳ ውስጥ ያስገባ ከብት አይጎተትም። እጅ የለህም?»

እጅማ አለኝ! ግን ሃያ ዓመት በእጄ የጻፍኩት ፊርማዬን ብቻ ነው። «ለክቡርነትዎ» ብላ የምትጀምር አንዲት ገጽ አለችኝ፤ ስም እየቀየርኩ አትማታለሁ፤ አውራጃ ያስተዳደረች ገጽ ናት። አሁን ማሽኑ ውስጥ ታስራለች፤ አንድ መስመሯም ትዝ አላለኝም። ስለዚህ አባ ጋልጋሎ ያሉትን እንዳሉት ጻፍኩ፦ «ሞተሩ ቆሟል። ግራጫዋ ላሜ ትናንት ባዶ ገንዳ ስትልስ ዋለች። እኛ ጋ ከብት እንኳ ተራ ያውቃል። የኛ ተራ መቼ ነው?» ፊደሌ እንደ ግመል ዱካ ተበታትኗል።

መኪናው ሊነሳ ሲል ደረስን። ኃላፊው ወረቀቱን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «የዚህን አገር ማመልከቻ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«አሃ፣ አንተ ነህ?» ከኋላ ወንበሩ ላይ አንድ ክምር አሳየኝ። «ሁሉም አንድ ናቸው። ሁለተኛውን ካየሁ ወዲህ ማንበብ ትቻለሁ።»

«የእኔ ሦስቱም እዚያ ውስጥ ናቸው?» አሉ አባ ጋልጋሎ። ኃላፊውን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩት።

ኃላፊው እዚያው ቆሞ ስልክ ደወለ። ሐሙስ ሞተሩ ተቀየረ።

አፕዴቱን በስምንት ሰዓት ያስያዝኩት ሁሉን አስቀድሜ አስቤ እንደሆነ ከተማው ዛሬ ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ጀሪካኔን ይዤ ጉድጓዱ ድረስ ሄድኩና ከብቱን ሁሉ አልፌ ፊት ቆምኩ።

«አባ፣ ይሄን ውሃ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

አባ ጋልጋሎ በበትራቸው ከአህዮቹ ጀርባ ያለውን ቦታ አሳዩኝ።

«በኋላ» አሉኝ።