መዳብ የመሰለው ሣጥን

ሊዮቲስ ፕራት ሲበላ አፉን አይዘጋም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ያን ቀን የዘገነነኝ ነገር ሁሉ የጀመረው ከዚያ አፍ ነው። ሰውየው የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፤ የኢንሹራንስ ወኪልም ነው። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ሙቀት በየወንበሩ የሚቀመጥልን የወረቀት ማራገቢያ በአንድ ፊቱ ጌታችን በግ ታቅፎ፣ በሌላው ፊቱ ሊዮቲስ ለማስታወቂያው ጥርሱን አግጦ የታተመበት ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ጥርስ ስራገብ ኖርኩ!

ዊልበርንን የቀበርነው ቅዳሜ ነው። የጎረቤቴ የኧርነስቲን ባል፣ ግንድ የሚጭን መኪና ነጂ ነበር። ሰንሰለት ተበጥሶ ግንዱ ወረደበት፤ ገና ጎልማሳ ነው። ሊዮቲስ የሸጠለት የዕድሜ ልክ ኢንሹራንስ ነበረውና ገንዘቡ ወጣ። ወጥቶስ ምን ሆነ? መዳብ የመሰለ የሬሳ ሣጥን፣ ውስጡ ነጭ ሐር፣ ነጫጭ ፈረሶች የሚጎትቱት ሠረገላ። አለቀ። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ "አቤት አሸኛኘት!" ይላል። ፈረሱ ሬሳው ፊት ፋንድያውን ሲዘረግፍ ግን ያነሳ የለም። ኧርነስቲን ሦስት ልጆቿን ይዛ ከኋላ ትከተላለች። የቤቱ ዕዳ ተጠራቅሞ ባንኩ ሊያስወጣት እንደሆነ በሰልፉ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተበላ። እኛ ሴቶቹ ዶሮ ጠብሰን፣ ጎመን ከተጨሰ ሥጋ ጋር ቀቅለን፣ የኮክ ኬክ ጋግረን ነበር። ከልጅ ልጄ ከታሚካና ከባሏ ከካርቬል ጋር ተቀምጫለሁ። ካርቬልም የግንድ መኪና ነጂ ነው፤ ከዊልበርን ጋር ከአንድ የሥራ ግቢ ይወጣ የነበረ። ታሚካ ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች። ሊዮቲስ የተቆለለ ሳህን ይዞ መጣና አጠገባችን ዘጭ አለ። የሟቹ አፈር እኮ ገና አልደረቀም!

"ወንድም ካርቬል፣" አለ የዶሮ እግር እየጋጠ፣ "የዊልበርንን አሸኛኘት አየህልኝ? ወንድ ልጅ እንዲህ ነው የሚሸኘው።"

ካርቬል አንገቱን ደፋ። ለምን እንደደፋ አውቃለሁ። አባቱ የሞተ ጊዜ መቅበሪያ ገንዘብ ጠፍቶ፣ በዚሁ አዳራሽ የመዋጮ ሳህን ዞሮ ነው የተቀበረው። ያኔ ልጅ ነበር፤ ሳንቲሙ ሳህኑ ላይ ሲንቃጨል ከጆሮው እስከ ዛሬ አልወጣም። ይሄን ሊዮቲስም ያውቃል። ሳህኑን ያዞረው እሱ ነዋ!

"ለእኔ የሚሆን አለዎት?" አለው ካርቬል።

"እንዴታ! የዕድሜ ልክ። መቼም ሙት መቼ ይከፈላል፤ ቁጠባም አለው። ለተወሰነ ዓመት ብቻ የሚገባ ሌላ ዓይነት አለ፤ እሱን ተወው፣ ኪራይ በለው። ሠላሳ ዓመት ስትከፍል ኖረህ፣ ካልሞትክ ባዶ እጅህን ትቀራለህ።" ወረቀቱን በዚያው ጣቱ ገፋለት። የዶሮው ቅባት ከነአሻራው ታተመበት።

"ካልሞተ ከሰረ ነው የምትለው?" አልኩ።

"እማማ ሞዜል፣ እንደሱ ሳይሆን..."

"ሠላሳ ዓመት ኖሮ ልጆቹን ቢድር ነው ኪሳራው? እግዜር በየዓመቱ ያክስረዋ!"

ታሚካ ሳቋ አመለጣት። ሊዮቲስ አልሳቀም።

"እማማ፣ በአክብሮት ነው የምለው፣ እርስዎ ፊደል አልቆጠሩም። ይሄ የወረቀት ጉዳይ..."

"አልቆጠርኩም። የቆጠርከው አንተ ንገረኝ። ካርቬል ያንኑ የወር ክፍያ ለሌላኛው ቢከፍልና ነገ ግንድ ቢወርድበት፣ ለታሚካ የሚደርሳት ይበልጣል ወይስ ያንሳል?"

"ይበልጣል፤ ግን..."

"በጥቂት?"

"በብዙ እጥፍ፣ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው።"

"ለአንተስ፣ ለሻጩ፣ ከየትኛው ነው ብዙ የሚደርስህ?"

"ታሚካ፣ እስቲ ያንን ዳቦ አቀብዪኝ፣" አለ።

ተናግሬ የረታሁ መስሎኝ ነበር። ካርቬል ግን እስክሪብቶውን አነሳ። "ይተዉት፣ እማማ፣" አለ። "ሠላሳ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ብሞትስ? ልጆቼ ለእኔ ሳህን ሲዞር እንዲያዩ አልፈልግም።"

ኧርነስቲን ከኋላው ቆማ ኖሯል። በጥቁር ልብሷ እንዳለች ጎንበስ ብላ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"ካርቬል፣ ሣጥኑ ያምር ነበር?"

"በጣም ያምር ነበር፣ እህቴ።"

"አዎ፣ ያምራል። ሰኞ ከቤት ሲያስወጡኝ ሄጄ ቆፍሬ አወጣዋለሁ። ሐር ነው፣ ለልጆቼ ይሞቃቸዋል። ትልቁ እግሩ ይተርፋል እንጂ ትንንሾቹን ይበቃቸዋል። አይደለም እንዴ፣ ዲያቆን?"

ሊዮቲስ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ፤ የጎረሰው ግን ውስጥ ነው።

"ስማኝ ካርቬል፣" አልኩት፣ "የአባትህ ሳህን ላይ እኔም ጥያለሁ። የጫማ መግዣዬ ገንዘብ ነበር፤ አንድ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም። ዛሬ ለኧርነስቲን ማን አዞረ? ማንም! ፈረሱን አየንና ሞልቶላታል ብለን ዶሮ እንግጣለን። ያንተ መኪና ሰንሰለት የተበጠሰ ቀን ለታሚካም እንዲሁ ነው የምናደርገው።"

ስናገር ራሴንም ቀፈፈኝ። እጄ ላይ አጥንት ይዤ ነበር።

ካርቬል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ንጹሕ ሳህን አመጣ፣ የኪሱን ሁሉ አራገፈበት፣ ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞር ጀመር። አንገቱን አልደፋም። ፈረሱን ስልካቸው ውስጥ ያስገቡት ሁሉ ዓይኑን እየሸሹ ይጥላሉ።

መጨረሻ ላይ ሊዮቲስ ጋ ደረሰ። ሰውየው ይሄኔ የተረፈውን ኬክ በፎይል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ለመሄድ ተነሥቷል። ኪሱን ዳበሰና ሳንቲም ጣለ። ሳህኑ ላይ ተንቃጨለ። ካርቬልን አየሁት፤ አልደነገጠም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ዲያቆን፣" አለው። "አሁን እጅዎን ይታጠቡና ያንን ኪራይ ያሉትን ሌላኛውን ወረቀት ያምጡልኝ።"