ለሚካኤል የታሰረው በግ

ኮከብ በግ ባታርድ ኖሮ እኔም ጤነኛ ሰው ነበርኩ።

በመንደራችን የሚካኤል ማኅበር አለን። ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ባለተራዋ ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ በቃ። ከእናቶቻችን የተቀበልነው ይህንኑ ነው። መስከረም ላይ ተራው የጎረቤቴ የኮከብ ሆነና በግ አረደች። ጠጅም ጨመረችበት። ሰው ሁሉ ጣቱን እየላሰ መረቃት። እኔም መረቅኳት፤ ምርቃቱ ግን ከአንገት በላይ ነበር። የጥቅምቱን ጽዋ ተቀብዬ ወደ ቤቴ የምሄደው እኔ ነበርኩና።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣሁ። ሱፍ ስፈትል ኮከብ፣ ውኃ ስቀዳ ኮከብ። የእሷ ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ የእኔ እንደድሮው የጓሳ ሣር ነው። ስንት ክረምት በሙቀት ያሳደረኝን ቤት ቀና ብዬ እያየሁ አፈርኩበት። በመጨረሻ ባሌን አባይነህን፣ “አውራውን እናርዳለን” አልኩት።

አውራ በግ ያለን አንድ ነው። እሱ ከታረደ ለከርሞ ግልገል የለንም ማለት ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አባይነህ ይከራከረኛል ብዬ ምላሴን ስዬ ስጠብቅ፣ ገመድ አነሣና በጉን ደጃፍ ላይ አሰረው። 

የማኅበሩ ዋዜማ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ምንጭ ላይ ስንታየሁን አገኘኋት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

“ከነገው ጽዋ በኋላ ከማኅበሩ እወጣለሁ” አለችኝ።

“ምነው?”

“ኅዳር ሚካኤል የኔ ተራ ነው። ኮከብ አረደች፣ አንቺም አውራሽን አስረሻል። እኔ ከናንተ ኋላ ባቄላ ይዤ ልቅረብ?”

 አንጀቴን በላችው፤ በጉን ግን አልፈታሁትም። ዛሬ ሳስበው በራሴ የማፍረው በዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ አማኑኤል በደጃችን ሲያልፉ መስቀል ልሳለም ወጣሁ። በጉን አዩት።

“ይሄ ምን አጥፍቶ ታሰረ?”

“ለነገ ማኅበር ነው አባ። ሊነጋጋ ሲል እናርደዋለን።”

“ነገ ምንድነው?”

“ዐሥራ ሁለት ነዋ አባ። ሚካኤል።”

“እሱስ ሚካኤል ነው። ቀኑስ?”

በጣቴ ቆጠርኩ። ረቡዕ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕን ጾሜ፣ የማኅበርተኛውን ሁሉ ጾም ላስገድፍ ነበር፤ ያውም በመልአኩ ስም። የኮከብን ድስት ሳይ ቀን መቁጠር ጠፋኝ።

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማፈር ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ስቄ ስቄ እንባዬ ወረደ። ከመስከረም ጀምሮ የተሸከምኩት ነገር ከጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ለካ ማረድ አልፈልግም ነበር።

አባ ዱላቸውን ተደግፈው እስክጨርስ ጠበቁኝ። “የኮከብን በግ ወሬ ሰምቻለሁ። ጴጥሮስም እንዳንቺ ዞር ብሎ ዮሐንስን አየና፣ ይሄስ ምን ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ” አሉኝ። “ጌታ ግን አንተን ምን አገባህ፣ አንተ ተከተለኝ ነው ያለው። በይ ባቄላሽን ዘፍዝፊ።”

እሳቸው ሲሄዱ ወደ አባይነህ ዞርኩ። “ረቡዕ መሆኑን ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ አትነግረኝም?”

“ብነግርሽ ከሚካኤል ጋር ተነጋግረሽ ቀኑን ታዛውሪው ነበር” አለና በጉን ፈታው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ዳቦ፣ ጠላ፣ የባቄላ ንፍሮ አቀረብኩ። ኮከብ ንፍሮውን እየበላች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። “በጉን ታስሮ ሳየው እንቅልፍ አጣሁ። በሚመጣው ዙር በሬ ላርድ ነው ብዬ።” እሷም እንደኔ ስትሠቃይ ከርማለች፤ እጇን ያዝኩና አብረን ሳቅን።

ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ደረሰ። የኅዳሩ ባለተራ ትቀበል ተባለ።  ስንታየሁ ከሰሃኑ አንድ እፍኝ ባቄላ ዘግና ቀምሳ ተነሣች። ጽዋውን በነጠላዋ ተቀበለችኝ፤ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

“የኔም ባቄላ ነው” አለችኝ ቀስ ብላ። “ጨው ላይ ግን እበልጥሻለሁ።”

“ያጣፍጥልሽ” አልኳት።

ከመስከረም ወዲህ ሰው ከልቤ ስመርቅ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።