አባቴ ረጅም ናቸው

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ብቻቸውን የተወቻቸው ለአምስት ደቂቃ ነበር። የሆስፒታሉ የካርድ ክፍል ሰልፍ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ፣ “አባባ፣ እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጡልኝ፤ መጣሁ” አለቻቸው። እሳቸውም “የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው? ክንፍ የለኝ!” ብለው አሾፉባት። ካርዱን ተቀብላ ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው።

መጀመሪያ ሽንት ቤት ሄደው ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። በወንዶቹ በር ላይ ቆማ “አባባ!” አለች። አንድ የማታውቀው ሰው እጁን እያራገፈ ወጥቶ በመገረም አይቷት አለፈ። መድኃኒት ቤቱ ጋ የሉም። ሊፍቱ ጋ የሉም። ዋናው በር ላይ ወጥታ መኪናው እንደ ጎርፍ የሚወርድበትን አስፋልት ግራና ቀኝ ቃኘች።

አባቷን ካለፈው ዓመት ጀምሮ መርሳት ይዟቸዋል። አንዳንድ ቀን የልጃቸው ስም ይጠፋቸዋል፤ አርባ ዓመት የኖሩበት ግንበኝነት ግን አንድም ቀን ጠፍቷቸው አያውቅም። ጠዋት ሲነሱ የመጀመሪያ ቃላቸው “ሠራተኞቹ ገቡ?” ነው።

በዚያ ላይ አገሩ የሰው አገር ነው። እሷ ከመጣች ሁለት ዓመቷ፣ እሳቸው ገና ሦስት ወራቸው። በስፌት ቤቱ አብረዋት የሚውሉት የአገሯ ልጆች ስለሆኑ እንግሊዝኛው አልገፋላትም። እሁድ እሁድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ደብተር ገልጣ ታስጠናታለች። ያለፈው እሁድ ትምህርት ስለ ቁመት ነበር።

“እማዬ፣ ለሰው ሲሆን ‘ቶል’ ነው። ለዛፍም ለፎቅም ‘ቶል’። ለመንገድ፣ ለክር፣ ለጊዜ ግን ‘ሎንግ’ ትያለሽ።”

“ሁሉም ረጅም አይደለም እንዴ? አንድ ቃል ምን አነሳቸው?”

“እኔ ምን አውቄ! በይ አረፍተ ነገር ሥሪ።”

“ማይ ፋዘር ኢዝ ሎንግ።”

ልጅቱ በሳቅ ፍርስ አለች። “አያቴን እኮ አስፋልት አደረግሻቸው!”

ያን ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ነበር። አሁን ግን ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ የቆመውን ወፍራም ጥበቃ እጁን ጨምድዳ ይዛ ባዶውን ወንበር ታሳየዋለች።

“ማይ ፋዘር! ማይ ፋዘር ሎንግ!”

ሰውየው ግንባሩን ቋጠረ። “ሃው ሎንግ?”

ለልብስ ሰፊ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። የአባቷን ሱሪም ሸሚዝም የምትሰፋው ራሷ ናት። “ዋን ናይንቲ!” አለች፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ማለቷ ነበር።

ጥበቃው ክው አለ። ሰዓቱን አየና የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ሳይገባት “የስ፣ የስ” አለችው። እየጎተተ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገባትና የካሜራውን ምስል ወደ ኋላ ይመልሰው ጀመር። ሰዎች በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ወዲህና ወዲያ ይላሉ፤ አባቷ የሉበትም። ቆይታ በምስሉ ጥግ ያለውን ሰዓት ልብ አለችው። እሷና አባቷ ገና ቤታቸው ቁርስ ላይ የነበሩበት ሰዓት ነው። ያኔ ገባት። ሰውየው የጠየቃት ከጠፉ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ነው፤ እሷ መቶ ዘጠና ደቂቃ ብላዋለች! እነሱ ያለፈውን ሲያገላብጡ አባቷ የት ደርሰው ይሆን?

“ኖ! ኖ!” አለች፤ የቀረው እንግሊዝኛ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አፏ ላይ የመጣው የእናቷ ቋንቋ ብቻ ነበር። “ኧረ በፈጠረህ ቶሎ! ቶሎ በል! ቶሎ!”

ጥበቃው ቀና አለ። “ቶል?” አለና እጁን ከራሱ በላይ ዘረጋ።

ልብስ ሰፊዋ የተዘረጋውን እጅ አየች። “የስ! ቶል! ማይ ፋዘር ኢዝ ቶል! ቬሪ ቶል!” ተንጠራርታ ከእጁ በላይ አንድ ስንዝር ጨመረችለት። “ኦልድ!”

በሬዲዮኑ መናገር ጀመረ፤ ከሚለው ሁሉ የምትለየው ያችኑ አንዲት ቃል ነው። ከወዲያ መልስ መጣ። የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። በመስኮት አመለከታት። ከሆስፒታሉ ጎን አንድ ፎቅ እየተሠራ ነው። አራተኛው ወለል ላይ፣ መከለያ ባልተበጀለት በረንዳ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆመዋል።

መጋረጃ ለመስቀል ወንበር ላይ መውጣት የምትፈራ ሴት ያን ድጋፍ የሌለው ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ጥበቃው እያለከለከ ተከተላት። ላይ ሲደርሱ ሊሮጥ ሲቃጣ ደረቱን በመዳፏ ገታችው። አባቷ ከደነገጡ አንዲት እርምጃ ትበቃለች።

ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው ግድግዳውን በእጃቸው ይዳብሳሉ።

“አባባ” አለች ቀስ ብላ።

“ይሄን ማን ነው የገነባው? ሆዱ እኮ ገፍቷል! ቱምቢ ጥለው ቀጥ ማለቱን ሳያዩ ነው የካቡት።”

“ይምጡ እንሂድ፤ ሐኪሙ እየጠበቀን ነው።”

“የምን ሐኪም? ሥራ ላይ ነኝ!” አሉና ግድግዳውን ራቅ ብለው ለማየት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ከተረከዛቸው ሥር ጠጠር ተንከባሎ ወደቀ። መሬት እስኪደርስ የዘገየው ዕድሜ ልክ መሰላት።

ብትጮህ ይደነግጣሉ። ሄዳ ልያዛቸው ብትል የባሰ ይሸሻሉ። ልጅ ሆና ምሳ ስታደርስላቸው የቀን ሠራተኞቹ እንዴት ይጠሯቸው እንደነበር ትዝ አላት።

“ጋሼ!” አለች፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አጠንክራ። “ሲሚንቶው ተቦክቶ እየደረቀ ነው!”

ሽማግሌው ዞሩ። “ሳልመጣ ማን አቡኩ አላችሁ? የት ነው?”

“ታች ነው፣ ጋሼ።”

“እናንተ ልጆች ጨጓራዬን ልትልጡት ነው!” እያሉ ከዳሩ ተነሥተው መጡ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። አጠገቧ ሲደርሱ እጅጌያቸውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ጥበቃው በወዲያኛው በኩል ደገፋቸው።

ሲሚንቶውን ታች ሲደርሱ ረስተውታል። ተራቸው ቢያልፍም ጥበቃው ለሐኪሙ አስረድቶ ሌላ ተራ አስያዘላቸው። ወረፋ ሲጠብቁ ልብስ ሰፊዋ እጅጌያቸውን አልለቀቀችም፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አባቷ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

“ምን ሆነሻል፣ ልጄ? ብርድ ነው?”

“አዎ አባባ፣ ብርድ ነው።”

ኮታቸውን አውልቀው አለበሷት። ጉልበቷ ድረስ ወረደ።