ከሆድ የተቀዳው ውሃ

አስካለች ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አንስታ ብልቃጡን እንደገና ተመለከተች። «ሌንጮ» ይላል። ኦቦ ሌንጮ አረቄ ጉበታቸውን የጨረሰባቸው የአምቦ ሽማግሌ ናቸው፤ እንደሳቸው ካለ ሰው ሆድ የሚቀዳ ውሃ ብዙ ጊዜ ገለባ መሳይ ቢጫ እንደሆነ በስምንት ዓመት የላቦራቶሪ ሥራዋ ታውቃለች። ይሄኛው ግን ደም የነካካው ነው። ስላይዱ ላይ ደግሞ ቅርጻቸው የተዛባ ትልልቅ ሴሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ተከማችተዋል። ካንሰር።

«ሽፋ» የሚለው ብልቃጥ ውሃ ጥርት ያለ ቢጫ ነው፤ የተዛባ ሴል የለበትም። ሽፋ የጌዶው ነጋዴ የዓብዱልመጂድ ሚስት ናት፤ ክንዷ መንምኖ ሆዷ ብቻ ተነፍቶ ነው የመጣችው።

ጠዋት ዶክተሩ ውሃውን ሲቀዳ ብልቃጦቹ ላይ ስም የለጠፈው ድሬሰሩ ገብረአማኑኤል ነበር።

«ስሞቹ ተቀያይረው ይሆን?» ብላ ጠየቀችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ሥራዬን ልታጣጥዪ ነው? ወይስ ሌላ ዓላማ አለሽ?»

ሰውየው የሆስፒታሉ የውይይት ክበብ ሰብሳቢ ነው። «ዓላማ» የምትለው ቃል ከእሱ አፍ ከወጣች በዚያ የአብዮት ዘመን ሰው ታሳስራለች። አስካለች የተለጠፈውን ስም እንዳለ ጽፋ ውጤቱን ብትልክ ማንም አይጠይቃትም። ሽፋ ግን ደህና ነሽ ተብላ ጌዶ ትገባለች።

ዶክተሩ ዘንድ ሄደች። «ሁለቱም እንደገና ይቀዳላቸው። ስሙን አጠገባቸው ቆሜ እኔ እጽፋለሁ።»

ዓብዱልመጂድ በሩ ላይ ጠበቃት። «ድሬሰሩ ውሃዋ ንጹሕ ነው ብሎናል። እንደገና የምትወጓት ለምንድነው? ምን ደብቃችሁናል?»

«እኔም እንደ እርስዎ ተጠራጥሬ ነው» አለችው።

ሽፋ ከአልጋዋ ሆና «ተዋት፣ ይውጉኝ» አለች። «ከመርፌው ይልቅ የምፈራው የእናንተን መተያየት ነው።»

መርፌው ሲገባ ብልቃጡን የያዘችው ራሷ አስካለች ነበረች። ደም የነካካ ውሃ ወረደ። ከሰዓት በኋላ እነዚያኑ ሴሎች አየቻቸው። የኦቦ ሌንጮ ውሃ ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። ልክ በመሆኗ ደስ እንዲላት ጠበቀች፤ ደስ አላላትም።

ገብረአማኑኤል ስህተቱን አላመነም። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ «ጓዶቿን የማታምን» ብሎ ሂስ አቀረበባት። አስካለች ተነስታ «አዎ፣ ሳላይ አላምንም» ብላ ተቀመጠች። ዶክተሩ ብቻ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀላት።

ሽፋ አዲስ አበባ ተልካ ሆዷ ውስጥ የተገኘው የካንሰር እጢ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረች፤ ትልቋን ልጇንም በእጇ ዳረች።